የእኛ ያደረግናቸው አባ አብርሃም



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ስህተታችን ነው። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል፤ ማንንም አልገደለም፣ የማንንም ገንዘብ አልወሰደም። ነገር ግን ጌታ ብዙ ስላስተማረን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

እኛ ባልና ሚስት ነን። አንዳችን ቢቸና፣ አንዳችን ሞጣ ተወልደን አደግን። ኑሯችን ቢቸና ነው፤ ዘመድ ጥየቃና አገልግሎት ሲኖር ደግሞ ወደ ሞጣ እንመላለሳለን። በሁለቱም ከተማ ወንጌላውያን አማኞች ጥቂቶች ነን። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ወንጌላዊ ልጅ በትምህርት ቤትም በሰፈርም አንድ ቃል ሲሰማ ይኖራል፤ «መጤ» የሚል ቃል። ሃይማኖትህ መጤ ነው፣ መጽሐፍህ የፈረንጅ ነው ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች ትምህርት ላይ አንድ ልጃችን እንባው እየመጣ ይህንኑ ነገረን። የክፍል ጓደኞቹ አፍረውበት፣ እሱም መልስ አጥቶ ነበር። አንጀታችን ተላወሰ። ያን ጊዜ ከሁለታችን አንዱ ብድግ ብሎ፣ ሌላው በራሱ ንቅናቄ እየደገፈው፣ እንዲህ አልን፦ «መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ሙሉውን ወደ አማርኛ የተረጎሙት አባ አብርሃም የሚባሉ የዚሁ የቢቸና ሰው ናቸው! እንደ እኛ ወንጌል የበራላቸው ናቸው! እንግዲህ መጤው ማን ነው?»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ያ ልጅ ቀና አለ። እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጎረቤት አርፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የሰፈራችን የቅኔ መምህር አጠገባችን መጥተው ተቀመጡ። ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ፣ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። በሃይማኖት ብንለያይም በእድርና በሐዘን አንለያይም፤ ሁላችንም «የኔታ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ አባ አብርሃም የቢቸና ሰው ናቸው አላችሁ አሉ። እሰየው ነው። ከየት አገኛችሁት?» አሉን።

ተያየን። «ሲባል ሰምተን ነው፣ የኔታ» አልን።

እሳቸውም ሳይቆጡ፣ «እኛ ቤት ትንሹ ተማሪ እንኳ ከማን ተማርህ ሲሉት የመምህሩን ስም ይጠራል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አትሁኑ» አሉና ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማን ንስሐ ሳይሆን እልህ ነበር። «ማስረጃውን አግኝተን እናሳያቸዋለን» ተባባልን። ጌታ ግን በእልሃችን ውስጥ እንኳ መንገድ ነበረው።

የወንድማችን ልጅ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይማራል። እሱን ጠራነው። እኛ አንድ መጽሐፍ ከፍቶ አንድ መስመር የሚያሳየን መስሎን ነበር፤ እሱ ግን የድሮ የእንግሊዝኛ መጽሔቶችን ዘርዝሮ መጣ። ብዙዎቹ ዛሬ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከማንበባችን በፊት ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጻፈልን፦ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? «የታሪክ ሰው ሥራው ይኸው ነው» አለን። እኛም ወንጌላዊው ሉቃስ ትዝ አለን። ለቴዎፍሎስ ሲጽፍ፣ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥንቃቄ መርምሮ በተራ እንደ ጻፈ፣ ይህንንም ያደረገው አንባቢው የተማረውን ነገር እርግጠኛነት እንዲያውቅ መሆኑን ይነግረዋል (ሉቃስ 1፥1-4)። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከንበታል! ለራሳችን ግን አላደረግነውም ነበር።

መጀመሪያ ያሳየን በህንድ አገር በካልካታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1788 የታተመውን የእስያ ማኅበር መጽሔት የመጀመሪያ ጥራዝ ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1784 ያቋቋሙት ሰር ዊልያም ጆንስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ዳኛና የቋንቋ ሊቅ ናቸው። በዚያ ጥራዝ ውስጥ ጆንስ «አብራም» ከሚባል ሐበሻ ጋር በዐረብኛ ያደረጉትን ጭውውት አሳትመዋል። ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። አስቡት! ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ወርደን የምናየው ዓባይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በካልካታ የዳኛ ቤት ውስጥ ሲወራ!

በዚያ ጭውውት ውስጥ ያዕቆብ የሚባል ፈረንጅ ሐኪም ይነሣል። ይህ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት እስከ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። አገሩ ሲመለስ ግን ብዙዎች በለንደን ቀጣፊ ነው ብለው አላመኑትም፤ መጽሐፉም እስከ 1790 አልወጣም። እንግዲህ ከመጽሐፉ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ብሩስ ባልነበረበት አገር፣ አንድ ሐበሻ ስለ እሱ የሰጠው ቃል ታትሞ ነበር ማለት ነው። የወንድማችን ልጅ፣ «የድሮ መጽሔት ለታሪክ ሰው የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ሳይነጋገሩ የተስማሙ ሁለት ምስክሮች ያገናኛል» አለን። የሙሴም ሕግ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዝዛል (ዘዳግም 19፥15)።

ቀጥሎ ወደ ለንደን መጽሔቶች ሄድን። እ.ኤ.አ. ከ1813 ጀምሮ «የሚስዮን መዝገብ» ልንለው የምንችል ወርኃዊ መጽሔት በለንደን ይታተም ነበር። በየአገሩ ያሉ የሚስዮናውያንን ደብዳቤና የጉዞ ማስታወሻ እያሳጠረ ያወጣል። ከእሱና ከመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ ሪፖርቶች፣ እንዲሁም ዊልያም ጆዌት የሚባለው ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1822 ካሳተመው መጽሐፍ የአባ አብርሃም ታሪክ እንዲህ ሆኖ ወጣልን።

እንግሊዞቹ «አቡ ሩሚ» የሚሏቸው አባ አብርሃም ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ካይሮ ላይ አስሊን ደ ሸርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተገናኙ። ቆንስሉ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚናገረው፣ አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከአባ አብርሃም ጋር ይቀመጥ ነበር። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ፤ ቃሉ ሲከብዳቸው ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱና ወደ ግሪኩ ሰብአ ሊቃናት ይሄዳሉ፤ ከዚያ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋሉ። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ካይሮ ሲመለሱ በወረርሽኝ ሞቱ። ጆዌት እ.ኤ.አ. በ1820 የእጅ ጽሑፉን ለለንደኑ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ።

ይህን ስናነብ አለቀስን። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አሥር ዓመት! የታተመውን አንድ ገጽ እንኳ ሳያዩ ሞቱ። እኛ በልጅነታችን በኩራዝ ያነበብነው ቃል ከእኚህ አባት ብዕር ጀምሮ እጅ በእጅ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የወንድማችን ልጅ ሦስቱን ጥያቄዎች አመጣ።

ማን ጻፈው? ስለ አባ አብርሃም አብዛኛውን የምናውቀው ከቆንስሉ ደብዳቤ ነው። ቆንስሉ ደግሞ የእጅ ጽሑፉ ሻጭ ነበር። ሻጭ ዕቃውን ያሞግሳል፤ ሞጣ ገበያ ጤፍ የሸጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንግዲህ ደብዳቤው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ግን የሚመረመር ነው። ደብዳቤው አባ አብርሃም የብሩስና የዊልያም ጆንስ አስተማሪ እንደ ነበሩ ይናገራል። ይህን ብቻውን ብናገኘው እንጠራጠር ነበር፤ የካልካታው መጽሔት ግን በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው፣ ለሌላ ዓላማ ታትሞ «አብራም» የሚል ስም ይዞ ቆየ። ሁለቱ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ምሁራን አሉ። «ሳይሆኑ አይቀሩም» ግን «ናቸው» ማለት አይደለም።

ለማን ጻፈው? የለንደኑ መጽሔት አንባቢዎች ከደመወዛቸው ሽልንግ ቆጥበው ለሚስዮን ሥራ የሚሰጡ ምእመናን ነበሩ። አዘጋጁም ልባቸውን የሚነካውን እየመረጠ፣ ረጅሙን እያሳጠረ ያወጣል። ስለዚህ የፈረንጁ ድካም በሰፊው ይጻፋል፤ ያስጠለለው ሐበሻ ቄስ፣ የመራው በቅሎ ነጂ፣ ቋንቋ ያስተማረው ደብተራ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። እንዲህም ሆኖ የእኛ ሰዎች ያልጻፉትን ይዞልናል። በዘመነ መሳፍንት መንገዱ የትኛው ክፍት እንደ ነበር፣ የትኛው ደጃዝማች ከማን ጋር እንደ ተጣላ በወሩና በቀኑ ይገኝበታል።

ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? ደብዳቤ በበቅሎና በመርከብ ወራት ይፈጅ ነበር። ስሞች በጆሮ እየተሰሙ ይጻፋሉ፤ በካልካታው መጽሔት ጎንደር «ግዌንደር» ሆናለች። የጎጃምን ስም ለማግኘት በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ነበረብን።

ለጥሩ ዓላማ የቆመ ጋዜጣም ቢሆን ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። የቢቸና ቤት ሁሉ የበላይ ዘለቀን ታሪክ ይናገራል። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936፣ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። ሮም አገሩ ጸጥ ብሏል ስትል፣ ያ ጋዜጣ አርበኞች አልተኙም እያለ ይጮኽ ነበር። ዛሬ የታሪክ ሰዎች የዚያን ዘመን ታሪክ ሲጽፉ ያገላብጡታል። ግን በጦርነት መካከል ከሩቅ የሚጻፍ ጋዜጣ ወሬንም ዜና አድርጎ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰነድና ከአገር ሽማግሌ ቃል ጋር ያስተያዩታል። ዓላማህ እውነት ስለ ሆነ የምትናገረው ሁሉ እውነት አይሆንም።

ይህ አረፍተ ነገር ለእኛ የተላከ ሆኖ ተሰማን። ወደ ራሳችን ጉዳይ መመለስ ነበረብን።

ኋላ የጻፉ ሰዎች አባ አብርሃምን የጎጃም ተወላጅ ይሏቸዋል። ቢቸና የሚል ግን የትም አላገኘንም፤ ሞጣም አላገኘንም። «እንደ እኛ ወንጌል የበራላቸው» ያልነውማ ጭራሽ ከራሳችን የወጣ ነበር። አባ አብርሃም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መነኩሴ ነበሩ፤ መነኩሴ እንደ ሆኑ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፣ መነኩሴ እንደ ሆኑ ሞቱ። የቸርች ሚስዮን ማኅበር የላካቸው ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ፣ አባ አብርሃም ካረፉ በኋላ ነው። እኛ ግን ልጆቻችንን ከውርደት ለማዳን ብለን የሌላ ቤት አባት ሰርቀን ነበር። ሌላ ስም አንሰጠውም፤ ስርቆት ነው።

ኢዮብ ወዳጆቹን ሲወቅስ፣ እግዚአብሔርን ለመደገፍ ብለው ሐሰት መናገር ይገባቸው እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል (ኢዮብ 13፥7)። እግዚአብሔር በእኛ ውሸት የሚደገፍ ሆኖ ያውቃል? ወንጌል እውነት ከሆነ የተጋነነ ታሪክ አያሻውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በወጣቶቹ ፊት ቆምን። «ባለፈው የነገርናችሁ ስህተት ነው፤ ሳናጣራ ተናገርን፤ ይቅር በሉን» አልን። ያ ልጅ ፊቱ ጠቆረ። «እነሱ ሲሰድቡን እነሱ አይታረሙ፤ እኛ ብቻ ነን የምንታረመው?» አለ። ጥያቄው ልባችንን ወጋው። ቀላል መልስም አልነበረንም። «አዎ፣ እኛ እንጀምር፤ የተሰደበው ጌታም መልሶ አልተሳደበም» አልነው። ከዚያ ስለ ማክሰኞና ስለ ቅዳሜ ነገርነው። «መጤ ሲሉህ ልትል የምትችለው እውነት ይህ ነው፤ የምናነበውን ቃል በአማርኛ የጻፉልን የሀገራችን መነኩሴ ናቸው፤ የእነዚያ ልጆች አባት ናቸው፣ እኛም ባለ ዕዳቸው ነን» አልነው። ወዲያው አልተደሰተም። ሊወጣ ሲል ግን የገጹን ቁጥር እንድንጽፍለት ጠየቀን።

ከዚያ ወደ የኔታ ቤት ሄድን። ይህ ከሁሉ ከበደን። ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ «የኔታ፣ ስለ አባ አብርሃም የተናገርነው ትክክል አልነበረም። ጎጃም የሚል አግኝተናል፤ ቢቸና የሚል አላገኘንም። የእኛ ወገን ማድረጋችንም ስህተት ነው» አልናቸው። ያነበብነውንም ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና የት እንደ ታተመ አንድ በአንድ ነገርናቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አሥር ዓመት? እንግዲህ ይህ ጉባኤ ነዋ!» አሉ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው፣ «አሁን የመምህራችሁን ስም ጠርታችሁ መጣችሁ» አሉን።

የኔታ ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም፤ እኛም ያን አስበን አልሄድንም። ግን ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ የምንነጋገረው ነገር በዝቷል። በሐሰት ያሸነፍነው ክርክር ይህን በር ይዘጋው ነበር።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። እነዚያን የድሮ መጽሔቶች ስንፈርድባቸው የራሳችን ሪፖርት ትዝ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መንደር የተደረገ የወንጌል ጉባኤን ለሚደግፉን ወገኖች ስንጽፍ «አካባቢው በሙሉ ተናወጠ» ብለን ነበር። ፋይሉን አውጥተን አየነው፤ የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ምግብ ያበሰሉልንን፣ ቤታቸውን የለቀቁልንን እናት ስም እንኳ አልጻፍንም። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ያን ሪፖርት ቢያገኝ ስለ እኛ ምን ይል ይሆን?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት መጨረሻ የደካሞችንና የአገልጋዮችን ስም ተራ በተራ ይጠራል፤ መልእክቱን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስም ራሱ ሰላምታ ያቀርባል (ሮሜ 16፥22)። አሁን እኛም ሪፖርት ስንጽፍ የሰዎቹን ፈቃድ ጠይቀን ስማቸውን እንጽፋለን፤ አሥራ አንድ ከሆኑ አሥራ አንድ እንላለን። ምስክርነት ከመናገራችን በፊትም የወንድማችን ልጅ የጻፈልንን ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቃለን። ወረቀቱ ዛሬም መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ፣ በሉቃስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ ተጣጥፎ አለ።

እናንተስ ወገኖቻችን፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ደጋግማችሁ የምትናገሩት፣ ግን ማንም ያላጣራው ታሪክ አለ? ለእግዚአብሔር ክብር ብላችሁ የጨመራችሁበት ነገር ካለ፣ ዛሬ ለመመለስ አልመሸም።

ጌታ ሆይ፣ አንተ እውነት ነህ። አንተን ለማገልገል ብለን ከተናገርነው ሐሰት አንጻን። ስማቸው በወረቀት ያልተጻፈውን፣ በአንተ ዘንድ ግን የታወቁትን ሁሉ ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። እንደ ሉቃስ የምንመረምርበትን ትዕግሥት፣ ስንሳሳትም የምንታረምበትን ትሕትና ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።